ስልክ ለማን መጣ? ከቤተ መንግሥቱ ሽቦ እስከ ማኅበራችን ቁጠባ



ባለፉት ወራት በስብሰባዎቻችን ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «የወር ቁጠባችንን ለምን በስልክ አንከፍልም?» የሚል ነው። ከፊሎቻችን «ዘመኑ ይኸው ነው፣ ሰልፍና ትራንስፖርት ይቀርልናል» ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ «ገንዘቤን በእጄ ቆጥሬ ካላስረከብኩ አላምንም» እንላለን። የማኅበሩን ሂሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አስተያየቴን በዚህ መጽሔት እንድጽፍ ተጠይቄያለሁ። ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት ግን ስልክ ወደ አገራችን እንዴት እንደገባ፣ በየዘመኑ ማን ቀድሞ እንደተጠቀመበትና ማን እንደዘገየ ማየት ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች የሚሉት ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥር አለው።

የንጉሠ ነገሥቱ ሽቦ

«ስልክ» የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ በመቀነታችንና በቦርሳችን የምንይዘው ስልክ የተዘረጋ ሽቦ የለውም፤ ስሙ ግን ከመጀመሪያው ዘመን ሳይለወጥ ቀርቷል።

ቴሌፎን በአሜሪካ አገር በአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ስም የተመዘገበው በ1868 ዓ.ም. ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ብዙ አልዘገየም። የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚቆጠረው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከስዊዛዊው መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር በመከሩት መሠረት፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ተዘረጋ። ሐረር የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። የውጭ ንግድ ወደ ባሕር የሚወጣበትና ከባሕር የሚገባበት በር ነበረች፤ ገዢዋም የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ዘመድና ታማኝ ራስ መኰንን ነበሩ። ቀድሞ በበቅሎና በእግር ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መልእክት በዚያው ቀን መድረስ ጀመረ።

አዲሱን ነገር ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። ሰው ሳይታይ ድምፁ ብቻ ሲሰማ «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ያሉ እንደነበሩና ንጉሠ ነገሥቱም ተቃውሞውን በትዕግሥት እንዳሳለፉት ይነገራል። ዛሬ ስለ ስልክ ገንዘብ የሚሰጉትን እናቶቻችንን «ኋላ ቀር» ከማለታችን በፊት፣ የማይታይ ነገርን በጥርጣሬ መቀበል ለዚህ አገር አዲስ እንዳልሆነ እናስታውስ።

ይህ የመጀመሪያው ስልክ የመጣው ለመንግሥት ሥራ ነው። የግዛት ዜና፣ የጦር ወሬ፣ የቀረጥና የንግድ ጉዳይ ይተላለፍበት ነበር። ሽቦው በስንት ባላገር ሴት ማሳ ላይ አልፏል፤ እሷ ግን በልጅ ሞትም ሆነ በወሊድ ጭንቅ ጊዜ ወደ ማንም መደወል አትችልም ነበር። መንግሥት አገሩን እንዲሰማ የተዘረጋ መስመር እንጂ ሕዝብ እርስ በርሱ እንዲሰማማ የተዘረጋ አልነበረም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቦርዱ፣ ኦፕሬተሮቹና ወረፋው

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን መስመሩ በወራሪው እጅ ወድቆ ለጦሩና ለአስተዳደሩ ዋለ። ከነጻነት በኋላ የተጎዳውን ለመጠገን ገንዘብ አስፈለገ። ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ በመበደር ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ አገር ስትሆን፣ በ1943 ዓ.ም. ከተገኙት ብድሮች አንዱ ለቴሌኮሙኒኬሽን የዋለ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህን ተከትሎ በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ። ለእንደኔ ዓይነቷ ሂሳብ ሠራተኛ የሚገርመው ቦርዱ የራሱ ሂሳብ፣ የራሱ አስተዳደር ያለው ድርጅት ሆኖ መቋቋሙ ነው። ከስልክ የሚሰበሰበው ገቢ ስልክን ለማስፋፋት እንዲውል የታሰበ ነበር። ሕዝቡ «ቴሌ» ብሎ ማሳጠር የጀመረው ድርጅት፣ ስሙ በየመንግሥቱ ቢለዋወጥም፣ ከዚያ ወዲህ ሳይቋረጥ ቀጥሏል።

በዚያ ዘመን ስልክ ማለት ከመስመሩ መሐል የምትቀመጥ ኦፕሬተር ማለት ነበር። ከከተማ ወደ ሌላ ከተማ ለመደወል መጀመሪያ ለኦፕሬተሯ ይነገራል፤ እሷ መስመር ፈልጋ እስክታገናኝ ይጠበቃል። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሴቶች ተቀጥረው ሠርተዋል። ለብዙ ከተሜ ሴት ልጅ የወር ደመወዝ የሚያስገኝ የቢሮ ሥራ ብርቅ በነበረበት ጊዜ የስልክ ኦፕሬተርነት አንዱ በር ነበር። ስለዚህ «ሴቶችና ስልክ» ስንል የምንጀምረው ከተጠቃሚነት ሳይሆን ከሠራተኝነት ነው። እነሱ የሌሎችን ጉዳይ ያገናኙ ነበር፤ በቤታቸው ግን ስልክ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው።

በገጠር ከተሞች የሚኖር ሰው ስልክ የሚያገኘው በቴሌ ጽሕፈት ቤት ነበር። ዘመድ ከሩቅ ሲፈልገው የቀጠሮ ጥሪ ይደርሰውና በተባለው ቀን ሄዶ ተሰልፎ ይጠብቃል። ውጭ አገር የሄዱ ልጆች ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በሰው እጅ ይልኩ ነበር። እናት ካሴቱን በጎረቤት ቴፕ ላይ አስከፍታ ታለቅሳለች፤ መልሱንም ቀድታ ለመላክ ደግሞ ሌላ ተጓዥ ትጠብቃለች።

በደርግ ዘመን መስመሩ በመጠኑ ሰፋ፤ በ1971 ዓ.ም. በሱሉልታ የሳተላይት መሬት ጣቢያ መቆሙም የውጭ አገር ግንኙነቱን አሻሻለ። ነገር ግን ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ወደ ሃምሳ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበረው የስልክ መስመር ከ150 ሺህ በታች ነበር። ቢካፈል ለሦስት መቶ ሰው አንድ መስመር እንኳ አይደርስም። ከዚያም ላይ አብዛኛው በአዲስ አበባ ነበር። ስልክ ለማስገባት ያመለከተ ሰው ዓመታት ይጠብቅ ነበር። በአንድ ሰፈር ስልክ ያለው ቤት አንድ ወይም ሁለት ስለነበር፣ የዚያ ቤት እመቤት የሰፈሩ ሁሉ መልእክት ተቀባይ ነበረች። «እስቲ እከሊትን ጥሩልኝ» የሚል ጥሪ በመጣ ቁጥር ልጅ እየላከች ጎረቤት ታስጠራ ነበር።

ከሚያዝያ 1991 በኋላ

በ1989 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። ኅዳር ላይ ድርጅቱ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሆኖ እንደገና ተቋቋመ፤ ጥር ላይ ኢንተርኔት ተጀመረ። ሚያዝያ 1991 ዓ.ም. ደግሞ የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደንበኞቹ ከሃያ ሺህ በታች ነበሩ። ሞባይል የባለሥልጣንና የነጋዴ ምልክት ነበር፤ ሲም ካርድ ለማግኘትም ምዝገባና ረጅም ወረፋ ነበረ።

ያን ጊዜ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች የሞባይል ሥራውን ለግል ድርጅቶች ከፍተው ውድድር ሲጀምሩ፣ ኢትዮጵያ ግን በአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ለመቀጠል መረጠች። ምክንያቱም ትርፉ ለባቡር፣ ለመንገድና ለገጠር መስመር ይውላል የሚል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የማስፋፊያ ስምምነት ተፈረመ። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ድርጅቱ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ ሲደራጅ አስተዳደሩ ለሁለት ዓመት ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። በዚያን ጊዜ የሞባይል ደንበኛ ቁጥር ከ7 ሚሊዮን አይበልጥም ነበር። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሁዋዌና ዜድቲኢ የተካፈሉት 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ሥራ ተጀመረ። ከዚህ በኋላ ነው ምሰሶው ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ የወረደው።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ወይዘሮ ፍሬሕይወት ታምሩ የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተሾሙ። በዚህ ታላቅ ድርጅት አናት ላይ ሴት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ናቸው። በቀጣዩ ወር ድርጅቱ የድምፅ ጥሪን በ40 ከመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትንና የአጭር መልእክትን ዋጋ በ43 ከመቶ ቀነሰ። ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠቀመው ሳንቲሙን የሚቆጥር ሰው ነው፤ ሳንቲም የምትቆጥረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ገዝቶ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ሲጀምር ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ብቸኝነት አበቃ። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻ 78.3 ሚሊዮን ደርሰዋል።

እዚህ ላይ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የደንበኛ ቁጥር የሰው ቁጥር አይደለም። ሁለት ሲም ካርድ ያለው አንድ ነጋዴ ሁለት ደንበኛ ሆኖ ይቆጠራል፤ በባሏ ስልክ የምትጠቀም ሚስት ደግሞ ጭራሽ አትቆጠርም።

ቁጥሩ ውስጥ ያልገቡት

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችንና ወንዶችን ጠይቆ ነበር። የራሴ ሞባይል አለኝ ያሉት ሴቶች 27 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከወንዶች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ነበራቸው። ይኸው ጥናት የባንክ ሂሳብ የሚጠቀሙ ሴቶች 15 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ልዩነቱ ግን ተዘግቷል የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ሁለት ነገር እናነባለን። አንደኛው፣ ሽቦው ከቤተ መንግሥት ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላም ሴቷ ከወረፋው ጫፍ ላይ ናት። ሁለተኛው ግን ተስፋ ያለው ነው፤ ባንክ ቤት ያልገባች ሴት ስልክ ግን ይዛለች። ባንኩ ያላገኛትን ስልኩ አግኝቷታል ማለት ነው።

ስልኩን ያገኙትም እንዲሁ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ካርድ መሙላት ያቃታት «ሚስኮል» በማድረግ መልእክቷን አስተላልፋለች፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደውሉልኝ» ተብሎ በቤተሰብ ይስማሙበታል። ጉልት የምትቸረችረዋ ሌሊት ተነሥታ አትክልት ተራ ከመሄዷ በፊት የሽንኩርቱንና የቲማቲሙን ዋጋ በስልክ ጠይቃ ታድራለች፤ ደላላ እንደ ድሮው አያታልላትም። እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ሴት ትእዛዝ የምትቀበለው በስልክ ነው። እድር ሞት ሲያስነግር ቀድሞ ጥሩምባ ነፊ ሰፈር ይዞር ነበር፤ ዛሬ መልእክቱ ቀድሞት ይደርሳል። ገበሬዎች ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ 8028 ደውለው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም በቋንቋቸው መስማት ችለዋል። ይህን ለማዳመጥ ማንበብና መጻፍ አያስፈልግም፤ ለዚህም ነው ያልተማሩ ሴቶችን ሊያገለግል የሚችለው።

ልጆቻችን ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳና ወደ ዱባይ ለቤት ሠራተኝነት በሄዱበት ዘመን ደግሞ ስልክ ከዚህም የከበደ ሥራ ሠርቷል። አሠሪዋ ስልኳን የነጠቀቻት ልጅ ቤተሰቧ ስለ ደኅንነቷ ማወቂያ የለውም። ስልኳ በእጇ ያለ ልጅ ግን በኢሞ ፊቷን ታሳያለች፤ ደመወዝ ሲከለከሉባትም፣ ስትታመምም ትናገራለች። ካሴት ይጠብቁ የነበሩት እናቶች ዘመን እና የዛሬው ዘመን የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡ ወደ ስልክ ሲገባ

የስልክ ገንዘብ በጎረቤታችን ኬንያ በ1999 ዓ.ም. ኤምፔሳ በሚል ስም ተጀመረ። ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2009 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ አገልግሎቱ ከኬንያ ቤተሰቦች 2 ከመቶ የሚሆኑትን ከከፋ ድህነት እንዳወጣ፣ ወደ 185 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችም ከእርሻ ወደ ንግድ ሥራ እንዲሸጋገሩ እንደረዳ ገምተዋል። በጥናቱ ውስጥ ጥቅሙ ይበልጥ የታየው በሴቶች በሚመሩ ቤተሰቦች ላይ ነው። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ገንዘቧ ሌላ ሰው ሳያየው የምትቀበልበትና የምታስቀምጥበት ቦታ ያገኘች ሴት የራሷን ዕቅድ ማውጣት ትጀምራለች።

በእኛ አገር ብሔራዊ ባንክ ለረጅም ጊዜ ይህን ሥራ የፈቀደው ለባንኮችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ብቻ ነበር። እነሱም ኤም ብር እና ሄሎካሽ በሚባሉ አሠራሮች ጀምረውት የሴፍቲኔት ክፍያ ጭምር በዚያ መንገድ ለገጠር ሰዎች ደርሷል። በ2012 ዓ.ም. መመሪያው ተሻሽሎ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም እንዲገቡ ተፈቀደ። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን ብድርና «ሳንዱቅ» የተባለውን ቁጠባ ጨመረ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ተደረገ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ የቴሌብር ተጠቃሚዎች ከ47 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተገልጿል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 ከመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለመሸጥ ሲያቀርብም አክሲዮኑ የተሸጠው በዚሁ በስልክ ነው። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ሆኖ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ከአባሎቻችን ስንቶቹ ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ አውጥተው ሊገዙ ይችሉ እንደነበር ስናስብ፣ በሩ መከፈቱና ሁሉም መግባት መቻሉ ለየቅል መሆናቸውን እናያለን።

ለሂሳብ ሥራ የስልክ ክፍያ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ገንዘቡ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነላኪዋ ስም ይመዘገባል። «ከፍያለሁ፣ አልከፈልሽም» የሚል ጭቅጭቅ ይቀራል። ገንዘብ ያዥዋ በወር መጨረሻ ጥሬ ብር በጉያዋ ይዛ ወደ ባንክ ስትሄድ የምትሰጋው ስጋት ይቀንሳል። ለዚህም ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ይበቃል፤ *127# መደወል እንጂ ኢንተርኔት የግድ አይደለም።

ነገር ግን መዝገቤን ገልጬ ስመለከት ሌላም ነገር አያለሁ። በሙከራ በስልክ ከከፈሉት አባሎቻችን መካከል በርካቶቹ ገንዘቡን የላኩት በራሳቸው ቁጥር አይደለም። አንዷ በባሏ፣ አንዷ በልጇ፣ ሌላዋ በባለሱቁ ስልክ ነው። በደረሰኙ ላይ የሚወጣው ስም የእነሱ አይደለም። ነገ ጠብ ቢነሳ፣ ፍቺ ወይም ሞት ቢመጣ ማስረጃው የሚመሰክረው ለስልኩ ባለቤት ነው። ለዓመታት በላቧ የቆጠበች ሴት በወረቀት ላይ የለችም ማለት ነው። ቀድሞ ቁጠባዋን በእጇ ስታስረክብ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የራሷ ስም ነበር። አዲሱ አሠራር በጥንቃቄ ካልተያዘ ያንን ሊነጥቃት ይችላል።

መስመሩ ሲቋረጥ

የመጀመሪያው ሽቦ ለመንግሥት ሥራ መጣ ብዬ ነጥቡን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። መስመሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሌላ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የተቋረጠው የአጭር መልእክት አገልግሎት የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ በሚሌኒየሙ መባቻ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ስልክም ባንክም ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው እናቶች የልጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ፣ የራሳቸውን ገንዘብም ማውጣት ሳይችሉ ከርመዋል። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ይህን የምጽፈው ፖለቲካ ለመናገር አይደለም። የቁጠባ ማኅበር ሂሳብ ያዥ ስለሆንኩ መስመር በሌለበት ቀን የታመመች አባላችን ገንዘቧን እንዴት ታገኛለች ብዬ መጠየቅ ግዴታዬ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ «ገንዘቤን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» የሚሉት እናቶቻችን አላዋቂነት አይደለም የሚያናግራቸው። የኖሩት ታሪክ ነው።

ለማኅበራችን ያለኝ ሐሳብ

የእኔ መልስ እንግዲህ «አዎን፣ በስልክ እንክፈል፤ ነገር ግን በእኛ ቅደም ተከተል» የሚል ነው። ቅደም ተከተሉን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፣ እያንዳንዷ አባል በራሷ መታወቂያ፣ በራሷ ስም የተመዘገበ ሲም ካርድ ይኑራት። ይህ ሳይሟላ ወደ ሁለተኛው አንሂድ። ቀፎ መግዛት ያልቻሉ አባላት ከብድር ክፍላችን ለዚሁ ብቻ የሚውል አነስተኛ ብድር ቢፈቀድላቸው፣ ገንዘቡ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚመለስ ነው።

ሁለተኛ፣ የምስጢር ቁጥር የባለቤቷ ብቻ ነው። ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶች ቁጥሩን በልጅ ማስደወል የተለመደ ሆኗል። ከዚያ ይልቅ ከየቡድኑ አንዲት ወጣት አባል ተመድባ፣ ቁጥሮቹን በጣት አቀማመጥ እስኪለምዱ ድረስ በየሳምንቱ ታለማምዳቸው። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ቁጥርዎን ይንገሩን» ብለው የሚደውሉ አታላዮችን እንዴት ዘግተው እንደሚያልፉም በዚያው ይማሩ።

ሦስተኛ፣ መዋጮው ወደ ሰብሳቢዋም ሆነ ወደ ገንዘብ ያዥዋ የግል ስልክ ፈጽሞ አይግባ። በማኅበሩ ስም የተከፈተ፣ ሦስት ሴቶች የሚቆጣጠሩት ሂሳብ ይኑረን። ይህን የምለው ማንንም ጠርጥሬ አይደለም፤ ታማኝ ሰው ታማኝነቷ የሚታወቀው አሠራሩ ሲጠብቃት ነው።

አራተኛ፣ የወረቀቱ መዝገብ ይቀጥል። በየወሩ ስብሰባ ላይ የስልኩ ዝርዝርና መዝገቡ ጮክ ተብሎ እየተነበበ ይመሳከር። ለሕመም፣ ለወሊድና ለሐዘን የሚሆን መጠነኛ ጥሬ ገንዘብም በሳጥናችን ይኑር። መስመር በጠፋ ቀን ማኅበር መሆናችን የሚታወቀው በዚያ ነው።

አምስተኛ፣ በእጇ መክፈል የምትፈልግ አባል በእጇ ትክፈል። ለዚህ ቅጣትም ሆነ ፌዝ አይኑር። ደግሞም ስብሰባችን ገንዘብ የማስረከቢያ ቦታ ብቻ አይደለም። ባሏ የመታትን የምናውቀው፣ ልጇ የታመመባትን የምንጠይቀው እዚያ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ነው። ክፍያው በስልክ ሆኖ ስብሰባው ከቀረ ያተረፍነው ጊዜ ያከሰረን ይበልጣል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ስልክ ማከፋፈል መልካም ሥጦታ ነው፤ ፎቶ ለመነሣትም ይመቻል። ነገር ግን ከስልኩ ጋር ለሥልጠናው፣ ለአሠልጣኟ አበልና መብራት ለሌላቸው ቤቶች ለሚሆን የፀሐይ ኃይል ቻርጀር በጀት ካልተያዘ፣ ስልኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ባል ወይም ወደ ወንድ ልጅ ኪስ ይገባል። በቀጣዩ ዓመት ዕቅዳችን ውስጥ እነዚህ በአንድነት እንዲታሰቡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዷ ሴት ብቻዋን ልትቋቋመው የማትችለውን አዲስ ነገር ሃምሳችን ተካፍለን ልንለምደው እንችላለን። ስልክ መጀመሪያ ለንጉሥ፣ ቀጥሎ ለቢሮ፣ ከዚያ ለነጋዴ፣ ከዚያም ለባል መጣ። አሁን በሰልፉ ጫፍ ተራው የእኛ ሆኗል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አምስቱን ነጥቦች አንድ በአንድ አንሥተን ድምፅ እንስጥባቸው። እስከዚያው ድረስ እያንዳንዳችን አንድ ነገር አጣርተን እንምጣ፤ በእጃችን ያለው ሲም ካርድ የተመዘገበው በማን ስም ነው?